ሁለት ምክር ቤት ያከራከረ ሙሽራ

ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች ይባላል። የእኔዋ አጥንት ብቻ ሰብራ ቢሆን ኖሮ ወጌሻ ጠርቼ አሳሸው ነበር። እሷ የሰበረችብኝ ሠርጌን ነው፤ የሠርግ ወጌሻ ደግሞ በመንዝም በግሼም በመርሐ ቤቴም ፈልጌ አላገኘሁም።

ነገሩ የሆነው መሐል ሜዳ አስተማሪ ሳለሁ ነው። ሕዝቡ እንደራሴዎቹን ራሱ መርጦ አዲስ አበባ ምክር ቤት እንዲልክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደበት ሰሞን ነበር። ከወረዳው ግቢ ወደ ትምህርት ቤታችን መልእክት መጣ፤ በገበያ ቀን ወጥቶ የሁለቱን ምክር ቤቶች አሠራር ለሕዝብ የሚያስረዳ አንድ አስተማሪ ይሰጠን የሚል። ዲሬክተራችን ሰብስበውን «ማን ይሄዳል?» ብለው ሲጠይቁ ባልደረቦቼ በሙሉ ጫማቸውን ያዩ ጀመር። እኔ እጄን አወጣሁ።

ለአገር ተቆርቁሬ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ገበያ የበግ ጠጉር ፈትላ የምትሸጥ አስካለ የምትባል ልጅ ነበረች። የባላምባራስ ሽፈራው ልጅ ናት። እናቷ ከሞቱ ወዲህ የአባቷን ቤት የምታስተዳድረው፣ በጎቹን የምታረባው፣ ጠጉሩንም ገበያ የምታወጣው እሷ ነች። ሃያን ካለፈች ሰንብታለች፤ ባላምባራስ ግን ሽማግሌ በመጣ ቁጥር «ገና ልጅ ናት» እያሉ ይመልሳሉ። እኔ እሷን ለማነጋገር ስል ብቻ ዓመት ሙሉ ጠጉር ገዝቻለሁ። ለአንድ ሰው ሦስት በርኖስ የሚወጣው ጠጉር አልጋዬ ሥር ተከምሮ አይጥ ሲወልድበት ዝም ብዬ አያለሁ። «ዛሬስ ምን ያህል ይሁንልህ?» ትለኛለች። «እንደ ባለፈው» እላለሁ። ከዚህ የረዘመ ንግግር ስላልነበረን፣ ድንጋይ ላይ ቆሜ ለአገር ምድር ስናገር ብትሰማኝ ያልተናገርኩትን ሁሉ የተናገርኩላት ይመስላታል ብዬ አሰብኩ።

በገበያው ቀን ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ነፋሱ ኮቴን እየገለበ ፊቴ ላይ ያለብሰኛል፤ እኔ እየገፈፍኩ እናገራለሁ። «ወገኖቼ፣ የአገራችን ሕግ በሁለት ምክር ቤት ይታያል። አንዱ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ነው፤ በእሱ የሚቀመጡትን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ሁለተኛው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ነው፤ የእሱን አባላት የሚሾሙት ጃንሆይ ናቸው። የሕግ ረቂቅ በአንደኛው ቤት ታይቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሌላው ያልወደደው ነገር ካለ ያሻሽለዋል። ሁለቱ ቤቶች ካልተስማሙ አንድ ላይ ተቀምጠው ይነጋገሩበታል። ከተስማሙ ወደ ጃንሆይ ይቀርባል፤ ጃንሆይ ሲፈቅዱ ሕግ ይሆናል።»

እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። በዓይኔ የጠጉር ተራውን ብቃኝ አስካለ እንዝርቷን አቁማ ታዳምጣለች። ልቤ ሞቀ። በዚህ መሀል አንድ በርኖስ የደረቡ ሽማግሌ ጭራቸውን አነሡ። አባቷ ባላምባራስ ሽፈራው ናቸው።

«መምህር፣ ለምን ሁለት ሆነ? አንዱ አይበቃም?»

እናንተዬ፣ ‹ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል› ብዬ ከድንጋዩ ብወርድ ምን ነበረበት? የጥያቄው መልስ እሱ ነበር፤ አገሩም ያውቀዋል። ነገር ግን ያን ጊዜ እኔ ምሳሌ ካልሰጠሁ ያስተማርኩ አይመስለኝም ነበር።

«ለምሳሌ» አልኩ፣ «እርስዎ ሴት ልጅ ቢኖርዎት…»

«አለችኝ» አሉ ባላምባራስ።

ገበያው ሳቀ። እኔ ቀጠልኩ። «ሽማግሌ ቢላክብዎት ብቻዎን ወስነው ሊሳሳቱ ይችላሉ። መጀመሪያ ዘመድ አዝማዱ ቢያየው፣ ቀጥሎ ደግሞ አዋቂ የሆኑ ታላላቆች ቢያዩት፣ ፊተኞቹ የዘለሉትን ኋለኞቹ ያገኙታል። ሁለት ቤት የሆነው ለዚህ ነው።»

ባላምባራስ ጭራቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። «መልካም ነገር ነው» አሉ። «እጅግ መልካም ነገር ነው።» እኔ ከድንጋዩ የወረድኩት አማቼን እንደማረክሁ እርግጠኛ ሆኜ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለካ ሰውየው ወለም ማለቱን ሳያውቅ ስለሚራመድ ነው።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ሽማግሌ ላክሁ። የሽማግሎቼ መሪ አቶ ሰይድ ነበሩ። አቶ ሰይድ ከቆላው ጨውና አቡጀዲ እያስመጡ መሐል ሜዳ የሚነግዱ፣ ለነገር የማይቸኩሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ለዕርቅ የሚጠራቸው ሰው ናቸው። ደንቡን ታውቁታላችሁ፦ ሽማግሌ ከደጅ ይቆማል፣ ጉዳዩን ይናገራል፣ አባት «ዘመድ ላማክር» ይላል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሱና ነገሩ ያልቃል። አቶ ሰይድ ከባላምባራስ ቤት ተመልሰው ከሱቃቸው በር ላይ ሲቀመጡ ግን ፊታቸው ላይ የማላውቀው ነገር አየሁ።

«እምቢ አሉ?» አልኳቸው።

«እምቢ አላሉም።»

«እሺ አሉ?»

«እሺም አላሉም። ሁለት ምክር ቤት አቋቁማለሁ ነው ያሉት። መምህሩ ራሱ ያስተማረኝ ነው አሉ።»

እኔ ሳቅሁ። አቶ ሰይድ አልሳቁም። እሳቸው ያልሳቁበት ምክንያት በሳምንቱ ገባኝ። ባላምባራስ ዘመዶቻቸውን ከየአምባው ጠርተው አውድማ ላይ ሰበሰቡና፣ እያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ባቄላ በቁና ውስጥ እየጣለ የታችኛውን ምክር ቤት አባላት አስመረጡ። አብዛኛውን ባቄላ ያገኙት ታናሽ እኅታቸው እትዬ ዘነበች ስለሆኑ አፈ ጉባኤ ሆኑ። እትዬ ዘነበች ሲያንሾካሹኩ ማዶ ያለ እረኛ «ምን አሉ?» ብሎ የሚጮህላቸው ሴት ስለነበሩ ለሹመቱ የተፈጠሩ ናቸው። ስብሰባቸው በግቢው ውስጥ ከበጎቹ ጋጣ አጠገብ ሆነ። የላይኛውን ምክር ቤት ደግሞ ባላምባራስ ራሳቸው ሾሙ፤ የነፍስ አባታቸውን መምሬ ወልደ ሥላሴንና ጢማቸው ደረታቸው ላይ የተኛ አራት ሽማግሎችን። እነሱ የሚቀመጡት እልፍኝ ውስጥ፣ ዝተት በተነጠፈበት መደብ ላይ ነው። ባላምባራስ ጭራቸውን ይዘው ከጋጣው ወደ እልፍኙ፣ ከእልፍኙ ወደ ጋጣው ይመላለሳሉ። ንጉሡ እሳቸው መሆናቸው ነው።

«ረቂቁስ?» አልኳቸው አቶ ሰይድን። «ምን ብለን እናቅርብ?»

«ረቂቁ አንተ ነህ» አሉኝ። «ራሱ ይቅረብና ይነበብ ብለዋል።»

በእኛ አገር ልጅ የጠየቀ ሰው ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ ከልጅቱ አባት ደጅ ድርሽ አይልም። ከመንገድ ሲያያቸው እንኳ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል። እኔ ግን በጠራራ ፀሐይ ከበጎች ጋጣ አጠገብ ቆሜ ተነበብኩ። ላስረዳ ብዬ አፌን ስከፍት ባላምባራስ ጭራቸውን አነሡብኝ። «ረቂቅ አይናገርም» አሉ። «ረቂቅ ይነበባል እንጂ።» ሕጉን ያስተማርኩት እኔ ነኝና ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

እትዬ ዘነበች ዙሪያዬን ዞሩኝ። «ዙር እስቲ። እሺ፣ ወደዚህ። ጥርሱ ደኅና ነው። እጁ ሞፈር ጨብጦ አያውቅም፤ ይሁን፣ ደመወዝ አለው። የመርሐ ቤቴ ሰው አይደለህ? ልጃችንን ቆላ አውርደህ ንዳድ ልታስበላት ነው?» አንገቴን በአሉታ ነቀነቅሁ። «ቆላ አይወርድም ተብሎ ይግባ» አሉ። ቀጥለው አፍጥጠው ወደ ከንፈሬ አዩ። ያን ጊዜ ቀጠን ያለች፣ ጫፍ ጫፏ ወደ ላይ የተጠቀለለች ጢም ነበረችኝ፤ ለእሷ የምከፍለው ድካም ለትምህርት ዝግጅቴ ከምከፍለው ይበልጣል። «ይቺ ጢም ግብር ሰብሳቢ ታስመስለዋለች። ትላጭ» አሉ እትዬ። ቤቱ በሙሉ እጁን አወጣ። የጾም ጊዜ ስለነበረና ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን የሚቀመስ ነገር ስላልነበረ፣ ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ቶሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይቸኩላል። ፀሐይዋ አናት ላይ ሳትደርስ ረቂቁ ከነማሻሻያው አለፈ። እኔም በደስታ ሮጬ ሄጄ ጢሜን ተላጨሁ።

ወደ ላይኛው ቤት የቀረብኩት ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። እልፍኙ ውስጥ አንድ በግ ታርዶ፣ ጠላው በገንቦ ቀርቦ ጠበቀኝ። መምሬ ወልደ ሥላሴ አጥንታቸውን ወደ ጎን አድርገው ፊቴን ትኩር ብለው ተመለከቱ።

«ይህ ሰው ገበያ ላይ ጢም ነበረው» አሉ።

«የታችኛው ቤት አሻሽሎት ነው፣ አባቴ» አሉ አቶ ሰይድ።

«ወንድን ከጢሙ ለይቶ ማሻሻል አለ? ከፊቱ ይህን ከቀነሱ ነገ ከእሱ ምን ሊቀንሱ ነው?» አራቱም ሽማግሎች የየራሳቸውን ጢም እየዳበሱ «እውነት ነው» አሉ። ረቂቁ ጢሙን አብቅሎ ይምጣ ተብሎ ተመለሰ። እትዬ ዘነበች ይህን ሲሰሙ ከጋጣው የተናገሩት እልፍኝ ድረስ ተሰማ፤ እዚህ ልጽፈው ግን አልችልም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ልነግራችሁ ብሞክር እኔም እደክማለሁ፣ እናንተም ታዛጋላችሁ። ጢሜን ሳበቅል የታችኛው ቤት ይላጭ ይላል፤ ስላጭ የላይኛው ቤት ይመልሰኛል። ተማሪዎቼ ሰኞ ሰኞ ክፍል ስገባ መጀመሪያ ከንፈሬን አይተው ነው ነገሩ የት እንደደረሰ የሚያውቁት። ቀጥሎ የዘር ቆጠራ መጣ። ከሽማግሎቹ አንዱ የአገሩን ትውልድ እስከ ሰባት ቤት በቃላቸው ያውቃሉ፤ ስድስተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ ከእኔም ወገን ከአስካለም ወገን አንድ ወልደ ገብርኤል አገኙ። አንድ ሰው ከሆኑ ዘመድ ነን ማለት ነው፤ ነገሩም እዚያው ያበቃል። ይህን ለማጣራት አንድ በግ ታረደ። የእኔው ወልደ ገብርኤል ግራኝ፣ የእነሱ ግን በቀኝ እጃቸው የሚሠሩ እንደነበሩ ተደርሶበት ሁለት ሰዎች ናቸው ተባለ። ለዚህም ደስታ ሌላ በግ ታረደ።

በጉን አንድ ጊዜ ባላምባራስ ከመንጋቸው ያወጣሉ፣ አንድ ጊዜ እኔ ከገበያ ገዝቼ አመጣለሁ። ምክር ቤቶቹም ቀስ በቀስ ሥራቸውን እየወደዱት ሄዱ። የታችኛው ቤት «የላይኛው ቤት በግ ከእኛው ይልቅ የሰባ ነው» ብሎ አቤቱታ አቀረበ፤ ይህን የሚመረምሩ ሦስት ሰዎች ተመርጠው የላይኛውን በግ ሲቀምሱ ዋሉ። የላይኛው ቤት በተራው «ጠላው መጀመሪያ ለማን ይቀዳል?» በሚለው ነገር ላይ አንድ ሙሉ ቀን ተነጋገረ። የጎረቤት ሰው የጠፋ ወይፈኑን ጉዳይ ይዞ መጣ፤ እሱም ታየለት። ከሞላሌ በኩል ለእንደራሴነት ሊወዳደር ያሰበ ሰው ደግሞ አሠራሩን ልማር ብሎ መጥቶ አንድ ጥግ ይዞ ተቀመጠ፤ ጥያቄ ሳይጠይቅ ብቻ እየበላ ከረመ። የእኔ ጉዳይ የሚነሣው አንዳንድ ጊዜ፣ ሌላ ነገር ሲያልቅባቸው ነበር።

ይህን ሁሉ ጊዜ ከዚያ ግቢ የማይበላ ሰው አንድ ብቻ ነበር። አቶ ሰይድ ክርስቲያን ያረደውን አይበሉም፤ ጠላም አይጠጡም። ከኪሳቸው የተቆላ ሽምብራ እያወጡ እየቆረጠሙ ከጥግ ሆነው ያዳምጣሉ። ስለዚህ ስብሰባው እንዲያልቅ የሚፈልገው ሰውም እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«ልብ ብለሃል?» አሉኝ አንድ ቀን ስንመለስ። «በጾሙ ጊዜ የታችኛው ቤት በግማሽ ቀን ነው የጨረሰው። አሁን ግን ማለቂያ የለውም።»

«ሮብና ዓርብ ስንጾም ያሳጥሩ ይሆናል» አልኩ። ወዲያው ግን ትዝ አለኝ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ሮብም ዓርብም አይጾምም። ሃምሳ ቀን ሙሉ ይበላል። ምክር ቤቶቼ የተከፈቱት በዓመቱ ውስጥ ጭራሽ ጾም በሌለበት ጊዜ ነው። ከጰራቅሊጦስ በኋላ ደግሞ የሰኔ ጾም ይገባል፣ ሠርግ የለም፤ ከዚያ ክረምቱ ይመጣል።

እኔን ክረምቱ የባሰ ያስፈራኝ በሌላ ምክንያት ነው። ክረምት ሲገባ ከትምህርት ቤታችን አስተማሪዎች ወደ ሩቅ አውራጃ እንደሚዛወሩ ዲሬክተራችን ነግረውን ነበር፤ ቤተሰብ ያለው ይቀራል፣ ያላገባው ይሄዳል። ያላገባሁት እኔ ነኝ። እስከ ጰራቅሊጦስ ካልተጋባን አስካለን አጣኋት ማለት ነው። ነገር ግን ሰው መሆን ከንቱ ነው፤ «ዝውውር ሸሽቶ ነው የሚያገባት» እንዳይሉኝ ፈርቼ የነገሩን ግማሽ ዋጥኩት። ለአቶ ሰይድ «ክረምት ሲገባ ልዛወር ነውና ይፍጠኑልኝ» አልኳቸው እንጂ፣ ካገባሁ እንደምቀር አልነገርኳቸውም። አቶ ሰይድም ይህንኑ ግማሽ ይዘው ለባላምባራስ ነገሩልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ይባስ ተጓተተ። ባላምባራስ ለሁለቱም ቤት በየስብሰባው ሁለት ሁለት በግ ያወጡ ጀመር።

መላውን የዘየዱት አቶ ሰይድ ናቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ መሀል ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ባላምባራስ ብዙ ቸርነት አሳይተዋል» አሉ። «የእሳቸው መንጋ ብቻ ማለቁ ነውር ነው። ከእንግዲህ ስብሰባው በየአባላቱ ቤት ይዙር፤ በጉንም ባለቤቱ ይረድ። የሚቀጥለው ከእትዬ ዘነበች ቤት ይሁን፤ ከዚያ ከመምሬ ቤት።»

ይህን ሐሳብ እምቢ ማለት ስስትን በአደባባይ ማወጅ ስለሆነ ሁሉም «መልካም ነው» አለ። ድምፁ ግን የቀጠነ ነበር። በተባለው ቀን እትዬ ዘነበች ቤት ስንደርስ በጉ ገና ከነነፍሱ ግቢው ውስጥ ሣር ይግጣል። የላይኛው ቤት አባላትም መጥተዋል። እትዬ ከደጃፉ ላይ ሆነው «ለመሆኑ የቀረን ነገር ምንድን ነው?» አሉ።

«ጢሙ ብቻ ነው» አሉ መምሬ፣ ነገ ከእሳቸው ቤት የሚታረደውን በግ እያሰቡ ይመስለኛል።

«ጢሙንማ እንደ ወደደ ያድርገው፤ ፊቱ የራሱ ነው።»

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው።»

ሁለቱ ቤቶች እንደ ቆሙ ተስማሙ። በጉ ሣሩን ሳይጨርስ አለፍኩ። እትዬ ዘነበች እልልታቸውን ሲያቀልጡት በጉ ደንግጦ አጥር ዘለለ፤ ማንም አላሳደደውም። አቶ ሰይድ እጄን ጨብጠው «እንኳን ደስ አለህ» አሉኝ። ያን ቀን ወደ መሐል ሜዳ የተመለስኩት እየሮጥኩ ነው ማለት ይቻላል። ሲያገኘኝ ሰላም ያላለኝን ሰው ሁሉ ሰላም አልኩት።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ከሁለቱ ምክር ቤቶች ያለፈ ረቂቅ ለንጉሡ ይቀርባል። ባላምባራስ «እስቲ ልመልከተው» አሉ። ሳምንቱ አለፈ። አቶ ሰይድ ሄደው ጠየቁ፤ «እየተመለከትኩት ነው» አሏቸው።

«ሕጉ ምን ይላል?» አሉኝ አቶ ሰይድ። «ሁለቱ ቤት ፈቅዶ ንጉሡ ባይፈቅድስ?»

«ሕግ አይሆንም።»

«ይህንንም ገበያ ላይ ነግረሃቸዋል?»

«ነግሬያቸዋለሁ።»

አቶ ሰይድ ሽምብራቸውን ቆረጠሙ። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የሚሉት እናንተ ክርስቲያኖች አይደላችሁ?» አሉኝ።

ጰራቅሊጦስ ከዚያ በኋላ ባለው ሁለተኛው እሑድ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማለዳ ተነሥቼ ደንቡንም፣ ሕጉንም፣ እፍረቴንም መንገድ ላይ ጥዬ ብቻዬን ወደ ባላምባራስ ቤት ሄድኩ። ከደጃቸው ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። አስካለ ትንሽ ራቅ ብላ ጠጉር ታፍታታለች። እኔን ስታይ እጇ ቆመ፣ ከዚያ መልሳ ቀጠለች።

«ባላምባራስ» አልኳቸው፣ «ረቂቅ አይናገርም ብለዋል። እኔ ግን መናገሬ ነው። ከሁለቱም ቤት አልፌያለሁ። ያየሁት ፍዳ ሁሉ ስለ አስካለ ነው፤ ነገም ቢሆን አየዋለሁ። ግን እርስዎ የማይፈቅዱበትን ምክንያት ልወቅ። ምን ጎደለኝ?»

ባላምባራስ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። መጀመሪያ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም።

«ምንም አልጎደለህም» አሉ። «ቁጭ በል።» ከድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። «እኔ ሁለት ቤት ያቆምኩት ሕግ አምሮኝ አይደለም። አንዱ እሺ ሲል ሌላው እምቢ ይልልኛል ብዬ ነው። አንተ ይህን ገበያ ላይ ስትናገር ወዲያው ነው የገባኝ። ሁለት ቤት ያለው ሰው ራሱ እምቢ ማለት አያስፈልገውም። አሁን ግን ሁለቱም እሺ አሉ፤ እኔ በምን ልመልስህ?»

«ለምን ይመልሱኛል?»

ወደ አስካለ አላዩም። ወደ ማዶ ገብሳቸው ነው ያዩት። «እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት የምሰማው የሰው ድምፅ የእሷ ብቻ ነው» አሉ። «ጠዋት ስነቃ አስካለ ብዬ እጠራለሁ። አቤት ትለኛለች። አንተ ደግሞ ክረምት ሲገባ ተዛውረህ ይዘሃት ወደማላውቀው አገር ትሄዳለህ። እኔ ማንን ልጥራ?»

ዓይኔ እንባ አቀረረ። እኔ ሰውየውን ስንት ወር ሙሉ እንደ ተራራ ሳያቸው ኖሬ፣ ለካ እሳቸው ከእኔ ይልቅ ፈርተዋል።

«የሚዛወረው ያላገባ ነው» አልኳቸው። «ካገባሁ እዚሁ እቀራለሁ።»

ባላምባራስ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አልክ?»

«ካገባሁ አልሄድም፤ መሐል ሜዳ ነኝ።»

«ይህን ስለምን አልነገርከኝም? በጎቼ ሲያልቁ ቆመህ ስታይ!»

«ረቂቅ አይናገርም ብለው» አልኩ።

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቁ፤ እስኪያስላቸው፣ በርኖሳቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። ዓይናቸውን በእጃቸው ጠረጉና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

አስካለ ከጠጉሩ ላይ ዓይኗን አላነሣችም። «አሁን ነው የሚጠይቁኝ አባባ?» አለች። «ሃያ ሰው ከጠየቁ በኋላ?»

«ይኸው ጠየቅሁሽ።»

«እኔማ አንድ ሙክት አስቀምጫለሁ» አለች። «ከፋሲካ በፊት ነው ከመንጋው ያወጣሁት። ምክር ቤቶቹ ሳይጨርሱት ለሠርጉ ይቆይ ብዬ ከአቶ ሰይድ ጓሮ አሳስሬዋለሁ። በዚህ አገር እነ እትዬ ገብተው የማይበሉበት ጓሮ እሱ ብቻ ነው።»

ይህን ሁሉ ጊዜ አቶ ሰይድ ሽምብራቸውን እየቆረጠሙ የእኔን ሐዘን ሲያዳምጡ፣ ሠርጌ ከሱቃቸው ጀርባ ታስሮ ይሰባ ነበር። ባላምባራስ በርኖሳቸውን አነሡና «ተነሥና ቤት የምትሠራበትን ቦታ ላሳይህ» አሉኝ።

ከጰራቅሊጦስ በፊት ባለው እሑድ ተጋባን። ሙክቱ እጅግ ሰብቶ ስለነበር ሁለቱም ምክር ቤት ከበላው ተርፏል። ቤታችንን የሠራነው ከባላምባራስ ግቢ በታች፣ ከደጃቸው ሆነው ቢጠሩ በሚሰማበት ስፍራ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ለመሄድ ስነሣ የእሳቸው ድምፅ ከላይ ይመጣል። «አስካለ» ይላሉ። እስኪሞቱ ድረስ አንድም ጠዋት ሳይጠሩ የቀሩበት የለም። አስካለ ከከብቶቹ ጋር ትሆናለች፣ ወይም ውኃ ወርዳ ትሆናለች፤ ቀድሜ «አቤት አባባ» የምለው ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ።